ወደ ቀኝ የምትሄደው መኪና

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ሰውና ስለ ትንሿ መኪናው ላጫውታችሁ።

ሰውየው የሚኖረው ቡታጅራ ነው። ባለትዳር፣ በሥራው የተመሰገነ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነው። ስሙን አልነግራችሁም። ታሪኩን እንድናገር ሲፈቅድልኝ «ስሜን ብቻ ተውልኝ» ብሎኛል። ሚስቱ ግን «የእኔን ጥራው» ብላለች፤ አስናቀች ትባላለች።

ይህ ሰው ብዙ ዓመት ቆጥቦ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና ገዛ። ከኋላ ሦስት ሰው ከተቀመጠ መሀል ያለው ትንፋሹን መሰብሰብ አለበት። ቢሆንም ወደዳት። ጠዋት ጠዋት ያጥባታል፣ ያብሳታል። አስናቀች «እኔን እንዲህ አይተኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ትስቅበታለች። ጎማዎቿን ሁሉ በአዲስ ቀየረላት።

ዓመት ሳይሞላ የፊት የቀኙ ጎማ ተበላ። ሌሎቹ ገና እንደ አዲስ ናቸው። እሱ ብቻ ከውስጥ በኩል ሽቦው እስኪታይ አለቀ።

ሰውየው ምን አለ? «መንገዱ ነው» አለ።

ቀየረው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው የቀኙ ጎማ እንደገና ተበላ። አሁንስ ምን አለ? «የአማቴ በርበሬ ነው» አለ። አማቱ አባባ ላምቤቦ ሲመጡ በርበሬ በጆንያ በዚህችው መኪና ጭነው ይመጣሉ፤ «ክብደቱ ጎማዬን ጨረሰው» አለ። በርበሬ የሚጫነው ከኋላ ነው። የሚበላው የፊት ጎማ ነው። ግን ሰው ጥፋተኛ ሲፈልግ እንዲህ ያለውን ነገር መች ያያል?

ቀጥሎ ቸርኬው ራሱ ተሰነጠቀ። ጎማውን የሚሸከመው ብረት ማለት ነው። ይህን ጊዜ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ሽጉጤ ሆነ።

ሽጉጤ ማን ነው? ጎማ ነጋዴ ነው፤ ጎማውንም ቸርኬውንም የሸጠለት እሱ ነው። ግን ነጋዴ ብቻ አይደለም። አብሮት አንድ ሰፈር ያደገ፣ አንድ ወንዝ የዋኘ፣ ሲያገባ ሚዜ የሆነው ጓደኛው ነው። ሰውየው በገበያ ቀን የተበላውን ጎማ ተሸክሞ ሄደና ሱቁ በር ላይ ወረወረው።

«ሌባ!» አለው። «ያረጀ ጎማ አዲስ ነው ብለህ ትሸጥልኛለህ? ለእኔ?»

ገበያተኛው ቆሞ አየ። የሽጉጤ ሴቶች ልጆች ሱቁ ውስጥ ነበሩ። ሽጉጤ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አነሳና ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ይቀመጣል። አንዱ «አሜን» ካለ ሌላው ዝም ይላል። ሳቃችሁ? ሳቁ፣ ግን አታውቁትም አትበሉኝ።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ከሌላ ሱቅ ጎማ ገዛ። እሱም ተበላ! አሁንማ ልብ ይላል፣ አይደል? የሸጠው ሌላ፣ ጎማው ሌላ፤ የሚበላው ያው ቦታ። ልብ አላለም ወገኖቼ። «ነጋዴ ሁሉ አንድ ነው» አለ።

አንድ ቅዳሜ የአስናቀች ታናሽ ወንድም ሆሳዕና ከተማ ሊያገባ ሆነ። አባባ ላምቤቦ ለዓይናቸው ሕክምና ቡታጅራ ከርመው ስለነበር ሦስቱም በትንሿ መኪና አብረው ተነሱ። የሠርጉን ኬክ የጋገረችው አስናቀች ናት። እንዳይገለበጥ አባባ ላምቤቦ ከኋላ ጭናቸው ላይ አቅፈውት ተቀመጡ።

ወራቤን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ አንድ ነገር «ቧ!» አለ።

የቱ ጎማ እንደፈነዳ ልንገራችሁ? አያስፈልግም።

ሰውየው መንገድ ዳር አቆመና ወረደ። «ይሄ ሽጉጤ!» አለ።

«ይሄኛውን የሸጠልህ እኮ ሽጉጤ አይደለም» አለች አስናቀች።

«ቢሆንም!»

ተቀያሪውን ጎማ አወጣ፤ መኪናዋን በክሪክ አነሳት። የጎማውን ብሎን ሊፈታ ቢታገል እምቢ አለው። ተናደደና ባለ በሌለ ኃይሉ ተጫነው። መፍቻው ሾልኮ እጁ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ጎማውን እንደምንም በአስናቀች እገዛ ቀየሩት፤ የእጁ አንጓ ግን ወዲያው አበጠ። መሪ ሊይዝበት ቀርቶ በር መክፈት አልቻለም።

«ቁልፉን ስጠኝ» አለች አስናቀች።

አስናቀች መንጃ ፈቃድ አላት። ካወጣች ቆይታለች። ግን ይህችን መኪና ነድታ አታውቅም። ለምን? «አንቺ ከነዳሽው ጎማው ጭራሽ ያልቃል» ይላት ነበር።

ሰውየው ወደ አማቱ ዞረ፤ አባባ ላምቤቦ ኬኩን አቅፈው መስኮት መስኮቱን አዩ። ሙሽሮቹ እየጠበቁ ነው። ቁልፉን ሰጣት።

አስናቀች ቀስ ብላ ነዳች፤ በደንብ ነዳች። እሱ ከጎኗ ተቀምጦ ባዶው ወለል ላይ ፍሬን ይረግጣል። ጥቂት እንደሄዱ «ይቺ መኪና ለምን ወደ ቀኝ ትስበኛለች?» አለችው።

«አትስብም። አንቺ ነሽ መሪውን የምታጣምሚው።»

«እኔ እኮ ወደ ግራ ይዤ ነው የምታገላት። ክንዴ ደከመ።»

«እኔ ይኸው ስንት ጊዜ ስነዳት አንድም ቀን ስባኝ አታውቅም!»

መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ሲደርስ አስናቀች ከፊትም ከኋላም መኪና አለመኖሩን አየች። በጣም ቀስ አለችና እጇን ከመሪው ላይ አነሳች።

«አስናቀች! ያዢ!»

«እይ» አለችው። «እኔ አልነካሁም። እይ ብቻ።»

መኪናዋ ቀስ እያለች፣ ማንም ሳያጣምማት፣ ወደ ቀኝ ሄደች። የአስፋልቱን ጠርዝ አልፋ ወደ ጤፍ ማሳው ተጠጋች። ከኋላ አባባ ላምቤቦ «ልጄ፣ ሠርጉ እኮ ጤፉ ውስጥ አይደለም» አሉ።

አስናቀች መሪውን ያዘችና አቆመቻት።

ሰውየው የግራ ክንዱን አየ፤ ከዚያ ያበጠውን ቀኙን አየ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲነዳ መሪውን ወደ ግራ ይዞ ሲታገል ኖሯል! በየቀኑ ስለታገለ ክንዱ ለምዶታል። ክንዱ ሲለምደው መኪናዋ ቀጥ ብላ የምትሄድ መሰለው። እሱ ቢለምድም ጎማው አልለመደም። በየቀኑ እየተፋተገ አለቀ።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። መኪናዋን በገዛ ሰሞን ዝናብ ላይ እየበረረ ሲመጣ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነበር። በቀኝ ጎማው። ድምፁ ጥርሱን እስኪያንቀጫቅጨው ድረስ። ወርዶ አየ፤ ምንም የተሰበረ ነገር የለም። አፈረና ለማንም ሳይናገር ቀረ። ሳይናገር ሲቆይ ጭራሽ ረሳው።

«አስኑ» አላት። «መኪናዋን ያጣመምኳት እኔ ነኝ።»

ምን ያለችው ይመስላችኋል? «ነግሬህ ነበር» አለችው? አላለችም። «መጀመሪያ እናጋባቸው። ከዚያ ታለቅሳለህ» አለችውና መኪናዋን አስነሳች።

ደረሱ። ኬኩም በሰላም ደረሰ። አባባ ላምቤቦ ያን ቀን ከሙሽሮቹ በላይ ጨፈሩ። ሰውየው ግን ሲበላም ሲያጨበጭብም ፊቱ ላይ ድቅን የሚልበት ሽጉጤ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጎማውን ሲያነሳ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ገዢ በሌለበት፣ ወደ ሽጉጤ ሱቅ ሄደ። ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። «ሽጉጤ፣ በድዬሃለሁ። ጎማህ ደህና ነበር። የተጣመመችው የእኔ መኪና ናት። ይቅር በለኝ» አለው።

ሽጉጤ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ሌባ ያልከኝ የት ቆመህ ነው?»

«በር ላይ።»

«ማን ይሰማ ነበር?»

«ገበያተኛው ሁሉ።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጆችህም» አለ።

«ታዲያ ይቅርታውን ለምን በር ገርበብ አድርገህ አመጣኸው?»

ወገኖቼ፣ ይህችን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ቤት ብትሄዱ ለዛሬ ይበቃችኋል። ስድቡን በአደባባይ፣ ይቅርታውን በጓዳ! እንዲህ አይደለም የምናደርገው?

ሰውየው ግን ጨዋ ነው። በገበያ ቀን ተመልሶ መጣ። የሽጉጤን ልጆች ጠራ። በሩ ላይ ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ያን ቀን እዚህ ቆሜ ሽጉጤን ሌባ ብዬው ነበር። ውሸት ነው! ጥፋቱ የእኔ ነው!» አለ።

አንድ ጆሯቸው የደከመ አዛውንት «ማን ነው የሰረቀው?» አሉ።

«ማንም አልሰረቀም፣ አባቴ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

«እሱ ነው የሰረቀው?» አሉ አዛውንቱ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ላቡን እየጠረገ ሦስተኛ ጊዜ ሊጀምር ሲል ሽጉጤ መጣና አንገቱን አቀፈው። «በቃ! በቃ! አሁን አንተንም ሌባ ሊያደርጉህ ነው» አለ። ልጆቹም ሳቁ። ትልቋ መጥታ እጁን ጨበጠችው።

ከዚያ ሁለቱ ጓደኛሞች እጅጌያቸውን ሰብስበው መኪናዋ ሥር ገቡ። የጎበጠውን ዘንግ አገኙት። አስቀየሩት፣ አላይመንቷንም፣ ማለት የጎማዎቿን አቅጣጫ፣ አስተካከሉ። ዛሬ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጎማዋም እንደ ሌሎች ሰዎች ጎማ ይቆያል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ስንት ጎማ ቀይራችኋል? የቤት ሠራተኛ ቀየራችሁ፤ ያው ጠብ። አከራይ ቀየራችሁ፤ ያው ጠብ። መሥሪያ ቤት ቀየራችሁ፣ እዚያም አለቃው ክፉ ሆነ። ጓደኛ ቀየራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ቀይራችሁ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት፤ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ እዚህም ጥቂት ወር ስጡን! የምትቀይሩት ሰው ይለያያል። የሚበላው ቦታ ግን አንድ ነው። አንድ ቦታ ከሆነ፣ እባካችሁ፣ የሸጠላችሁን ሰው ተዉና ከሥር እዩ።

«እኔ ግን ምንም አይሰማኝም» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። እሱም አልተሰማውም። ክንዱ ለምዶታል። ቁጣን የለመደ ሰው ጮክ ብሎ የሚያወራ ይመስለዋል እንጂ የሚቆጣ አይመስለውም። ኩራትን የለመደ ጥንቃቄ ይለዋል። ሐሜትን የለመደ «ለጸሎት እንዲሆናችሁ ነው የምነግራችሁ» ይላል።

እግዚአብሔር የጎበጠውን የሚያቃና አምላክ ነው። ግን ጎብጫለሁ ያላለውን ሰው እንዴት ያቃናው? የሸፈንነውን ጉድጓድ፣ አፍረን ሳንናገር የረሳነውን ያንን ቀን፣ ለእሱ እንንገረው። የሰደብነውንም ሰው እንፈልገው፤ በሩን ከፍተን።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። ባሎች ሚስቶቻችሁን፣ ሚስቶች ባሎቻችሁን፣ ወላጆች ልጆቻችሁን ጠይቁ። «እኔ ወዴት ነው የምስበው?» በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። አታቋርጡ፣ አታስረዱ፣ «አንተስ?» አትበሉ። መልሱ ወዲያው ከመጣ አትደንግጡ። የሚወዷችሁ ሰዎች መልሱን ይዘው፣ እስክትጠይቋቸው በትዕግሥት ሲጠብቁ ኖረዋል።