ልቡን ዝም በል ያለው በሬ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ትሉኛላችሁ። የዛሬው ግን የበሬ በረት ነው፤ ግርግሙ ባዶ የቀረ።

ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ በነበረው ዘመን፣ ይመኑ የሚባል ገበሬ ሁለት በሬዎች ነበሩት። አንዱ ቦራ፣ አንዱ ዳማ። በአንድ ቀንበር የሚጠመዱ ቅንጃዎች ናቸው። ቦራ ገና ጎረምሳ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ ነበር። ያየው ሁሉ፣ እሰይ፣ ይህስ ተመችቶታል ይላል። ዳማ ከሲታ ነው፤ እሱን የሚያሞግሰው የለም።

አንድ ቀን ዳገቱን ሲያርሱ የቦራ ልብ ከደረቱ ውስጥ አንኳኳ።

"ጌታዬ፣ ደክሞኛል። ጨዉን ቀንስልኝ" አለው።

ቦራ ገረመው። ሲመሽ በረቱ ጥግ ወደተቀመጠው አሞሌ ጨው ሄዶ፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። አሞሌው ሳቀበት። እኔን ያልላሰ በሬ ጉልበት ከየት ያመጣል፣ ደግሞስ የልብ ሕመም የሽማግሌ በሬ ነው፣ ያንተ ቀንድ ገና መች ጠነከረ አለው። ቦራ ደስ አለውና አሞሌውን እስኪበቃው ላሰ። ልቡንም "ዝም በል" አለው።

ልቡ ዝም አለ። ሥራውን ግን አልተወም፤ ልብ አኩርፎ መቀመጥ አያውቅም።

ውሎ አድሮ ቦራ ጥቂት ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ዳማ ይህን አይቶ የቦራንም ድርሻ ይስብ ነበር። ልቡ ሁለተኛ አንኳኳ።

"ጌታዬ፣ ስቡ ተጭኖኛል። ደሙ የሚያልፍበት መንገድ ጠቦብኛል" አለው።

ቦራ አሁን ደግሞ ለበዓል ወደሚቀለበው ሙክት ሄደ። ሙክቱ ተጋድሞ ያመሰኳል። ልብ የሚያመው ከሲታውን ነው፣ ውፍረት የጤና ምልክት ነው አለው።

"ጌታችን እኔን ሲዳብሰኝ አላየህም? ሰው የሚያወፍረው የሚወደውን ነው።"

በማግስቱ ሙክቱ አልነበረም። ቆዳው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ቦራ ቆዳውን አይቶ አለፈ። ልቡንም እንደገና "ዝም በል" አለው።

ሦስተኛው ማንኳኳት ከባድ ነበር። ቦራ ትልሙ መሀል ተንበረከከ። እየደገፈ መድኃኒት አዋቂዋ እመት ዔሊ ዘንድ የወሰደው ዳማ ነው። እመት ዔሊ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ብዙ አዳመጠች። መራራ ቅጠል ሰጠችውና ጠዋት ጠዋት እንዲያኝክ፣ ጨዉንና የሚያወፍረውን አተላ እንዲቀንስ አዘዘችው።

"ሲሻልህም እንዳትተው፣ ልጄ። የሚሻልህ ቅጠሉን ስለያዝክ ነው" አለችው። እግዜር ይማርህ ብላም ሸኘችው።

ቦራ ቅጠሉን አኘከ። ትንፋሹ ተመለሰ፣ ዳገቱ ሜዳ ሆነለት። ያን ጊዜ ቅጠሉን ተፋው።

ዳማ ለመነው።

"ምኔን አሞኝ ነው ይህን መራራ የማኝከው?" አለ ቦራ። "የቀረውን ፈጣሪ ያውቃል።"

"ቅጠሉንስ ያበቀለው ማን ሆነና? እባክህ ወንድሜ፣ ቀንበሩ እኮ የሁለታችን ነው።"

"አንተ ፈሪ ነህ። የማትወፍረውም ለዚህ ነው።"

ልቡ ከዚያ ወዲያ አላንኳኳም። ቦራ ዝምታው ጤና መሰለው።

የሰኔ ዝናብ በጣለ ሰሞን፣ ይመኑ ጅራፉን ገና ሳያነሳ፣ ቦራ ከነቀንበሩ ወደቀ። ዳማም አንገቱ ተጎትቶ አብሮት ወረደ። ይመኑ ማነቆውን እስኪፈታለት ድረስ፣ ፊቱ ከሞተው ወንድሙ ፊት ጋር ተጋጥሞ ቆየ።

ሳይታረድ የሞተ አይበላምና ቦራን ለጅብ ጎተቱት። ይመኑ ለዳማ ቅንጃ ፍለጋ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረ። በዘር ወቅት በሬውን የሚያውስ ማን አለ? ማሳው ጦሙን አደረ። የይመኑ ሚስት በባዶው ጎተራ ደጅ ተቀምጣ አለቀሰች። ቅንጃ የሌለው በሬ ሣር ፈጂ ነው አሉት፣ ለመስቀልም ዳማን ለቅርጫ አወጡት።

ዳማ ቢላዋው ሲሳል ሰማ።

"ቢላዋ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?" አለው።

"ምንም" አለው ቢላዋው። "ያንተስ ልብ ደህና ነው። የገደለህ የቅንጃህ ልብ ነው።"

አሞሌው ዛሬም እዚያው በረት ጥግ አለ። ከዓመታት በኋላ የመጣ አንድ ወይፈን ይልሰዋል፤ ያየው ሁሉ ተመችቶታል ይላል።

ልጆቼ፣ ልብ ያንድ ሰው ደረት ውስጥ ቢቀመጥም፣ በአንድ ቀንበር የተጠመዱት የሁሉም ነው። ተረቴን መልሱ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ። ይልቅ ቤት ስትገቡ፣ "አባዬ፣ መድኃኒትህን ዛሬ ወስደሃል?" በሉልኝ። ቢቆጣም ጠይቁት።