እማማ አስካለች ቤታቸውን ሊያዩ ሲሉ

እስቲ ቀረብ በሉ፣ አንድ ነገር ላውጋችሁ፤ የሰማዩ አባትም አብሮን ይስማ።

እማማ አስካለች የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። መንገድ ሲወጣ የመንግሥት ሰዎች ሣር ክዳን ቤታቸውን ነቅለው ወሰዱና፣ የጥንት ቤቶች ከሚታዩበት ሙዚየም ሜዳ ላይ መልሰው አቆሙት። እማማ ታመሙና፣ ልጆቼን የወለድኩበትን ቤት አሳዩኝ፣ ሌላ አልፈልግም አሉ።

ትልቁ ልጃቸው ተሰማ መኪና አለው። ቅዳሜ እንሄዳለን አለ። ግን የሚደግፋቸው ሰው ያስፈልጋል፤ እህቴ የውብዳር ካልመጣች አልነዳም አለ።

«መኪናህ በቤንዚን ነው ወይስ በእህትህ የሚሄደው?» አሉት እማማ።

የውብዳር ጥቁር ለብሳለች። የመጨረሻው ልጅ ዘነበ ለሥራ በሄደበት ሞቷል፤ መርዶው ለእማማ አልተነገረም። የወንድሜን ጥቁር አላወልቅም፣ ቄሱ እማማን ካላረዷቸው አልመጣም አለች። የውብዳር አልመጣም አለች፣ ተሰማ አልነዳም አለ፣ እማማም ቤታቸውን አላዩ።

ቄሱ ደግሞ ያለ ሽማግሌ ብቻዬን አላረዳም አሉ። ቄሱ አላረዳም አሉ፣ የውብዳር አልመጣም አለች፣ ተሰማ አልነዳም አለ፣ እማማም ቤታቸውን አላዩ።

ሽማግሎቹ፣ ባዶ ሆዱን ለተኛ በሽተኛ መርዶ ይነገራል ወይ፣ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ አሉ። ሽማግሎቹ አንሄድም አሉ፣ ቄሱ አላረዳም አሉ፣ የውብዳር አልመጣም አለች፣ ተሰማ አልነዳም አለ፣ እማማም ቤታቸውን አላዩ።

ተሰማ አጥሚት ይዞ ገባ። እማማ ቤቴን ሳላይ አልቀምስም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እማማ አልቀምስም አሉ፣ ሽማግሎቹ አንሄድም አሉ፣ ቄሱ አላረዳም አሉ፣ የውብዳር አልመጣም አለች፣ ተሰማ አልነዳም አለ፣ እማማም ቤታቸውን አላዩ። አምላኬ ሆይ፣ ይህን ቋጠሮ ካንተ በቀር ማን ይፈታዋል?

ተሰማ አልሄድ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ። እማማ ቀና አሉ።

«ዘነበን ለምን አታሙትም?» አሉት። «ድሮ ሰነፍ ነው፣ አይደውልም ትሉት ነበር። አሁን ስሙንም አታነሱ። በሕይወት ያለ ሰው ይታማል፣ ልጄ። አውቄዋለሁ። እዚያ ቤት ወልጄዋለሁ፤ እዚያው ላልቅሰው።»

ተሰማ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እማማ ራሱን እያሻሹ አጥሚቱን ተቀበሉት።

እማማ ቀመሱ፣ ሽማግሎቹ ሄዱ፣ ቄሱ አረዱ፣ የውብዳር በጥቁሯ መጣች፣ ተሰማ ነዳ፣ እማማም ቤታቸውን አዩ።

ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። የሙዚየሙ ዘበኛ መቀመጥ ክልክል ነው ሊል መጣና፣ ለቅሶውን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ። ቤት ሊጎበኙ የመጡ፣ የማያውቋቸው ሰዎች፣ አንድ አንድ እያሉ ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ለቅሶ ቤት ነዋ።

እኔ ያወራሁትን እናንተ ያዙልኝ፤ የሄደውን እሱ ይማርልኝ።