ደራሽ ውሃ ስለ ከበባቸው ባልና ሚስት

ምእመናን ሆይ፥ የአምላክ እናት ቅድስት ድንግል ማርያም በፍርሃት ለተያዘ ቤተ ሰብ ያደረገችውን በጸጥታ ስሙ፤ ረድኤቷ እኛንም ትክበበን፥ አሜን ።

በቆላ አገር እኅተ ማርያም የምትባል ሴት ነበረች፤ እመቤታችንን ከልቧ ትወድ ነበርና ጧት ጧት ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ «ሰላም ለኪ» ሳትል እህል አትቀምስም ነበር፥ ከምትበላውም ከፍላ በድንግል ስም ለመንገደኛ ትሰጥ ነበር ። ባሏ ዘሚካኤል ከአባቱ ርስት ድርሻ ያልደረሰው ሰው ነበርና፥ ከእርሷና ከአሮጊት እናቱ ከእመት ሣህሊቱ ጋር ወጥቶ ሁለት ጅረቶች ባቀፉት ጠፍ መሬት ላይ ጎጆ ቀለሰ ። የአገሩ ሽማግሌዎችም ወንዙ ቦታውን እንደማይረሳ፥ ከእርሱ በፊት ያረሰውንም ሰው ከነቤቱ እንደወሰደው ነገሩት፤ እርሱ ግን ሌላ የሚሰጠው አልነበረምና እየፈራ እሾሁን መነጠረ፥ ድንጋዩንም ለቅሞ ካበ፥ ያለውን አንድ በሬም ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ አረሰና ዳጉሳ ዘራ ። ዳጉሳውም አማረ፤ እነርሱ ግን ደመና ባዩ ቁጥር ወንዙን ሲያዳምጡ ያድሩ ነበር ።

በሐምሌም ባልና ሚስት፥ እኅተ ማርያም ሴት ሕፃኗን እንዳዘለች፥ ሲያርሙ ሳለ፥ በእነርሱ ላይ ጠብታ ሳይወርድ በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቆረ፥ ከዚያም ምድር ከሥር አጉረመረመች ። ዘሚካኤልም ከሚስቱ ጋር ወደ ጎጆው ሮጦ እናቱን አዘለ፤ እመት ሣህሊቱ ዓይናቸው የጠፋ፥ እግራቸውም የማይታዘዝላቸው ነበሩና ። ሲወጣም ደራሽ ውሃው ዛፉን ከነሥሩ እየነቀለ በግራም በቀኝም መውጫውን ዘግቶ አገኘው፤ በሬውንም ከነካስማው ሲወስደው አየ ። እናቱም «ልጄ፥ እኔን አስቀምጠኝና ሚስትህንና ሕፃኗን ይዘህ ውጣ» አሉት፤ እርሱ ግን መውጫም አልነበረውም፥ ሊያስቀምጣቸውም አልቻለም ።

እኅተ ማርያምም ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች፥ ድምፅዋ እስኪዘጋ የድንግልን ስም ጠራች ። ያን ጊዜ ብርሃን የለበሰች ሴት በጎርፉ መካከል ቆማ ታየቻት፤ ሴቲቱም «አትፍሪ፥ ተከተይኝ» አለቻት፥ እርሷም ተከተለቻት ። ባሏ ግን ሚስቱ ልጁን አዝላ ወደ ሞት ስትገባ እንጂ ሌላ አላየም ። በጀርባው ያሉት እናቱም ጆሯቸውን ቀና አድርገው፥

«ልጄ፥ ከሚስትህ ፊት የምትሄደው ማን ናት? የሁለት ሴቶች እርምጃ እሰማለሁ፤ ደረቅ መሬት ነው የሚረግጡት» አሉት ።

እርሱም ዓይኑን ጨፍኖ ገባ ። ውሃው በግራና በቀኝ እንደ አንበሳ ሲያገሣ ይሰማ ነበር፥ እግሩ ግን የረገጠው ጠጠር ነበር፤ እየፈራ ገባ፥ እየፈራም ተሻገረ ። ዳር ደርሶ ዓይኑን ገልጦ ወደ ኋላ ቢመለከት ጎጆውም ዳጉሳውም አልነበረም፤ ሚስቱም በግንባሯ ተደፍታ ታለቅስ ነበር፥ ያችን ያሻገረቻትን ግን ቀና ብላ ብትፈልግ አላገኘቻትም ።

የአገሩም ሰዎች ሬሳ ሊፈልጉ ወርደው በሕይወት አገኟቸውና እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ በዳገቱም ላይ ካለው መሬታቸው ቆርሰው ሰጧቸው፥ በሬም አዋሷቸው፥ እነርሱም እንደገና መንጥረው ዘሩና አጨዱ፥ ከመጀመሪያው አዝመራም የእመቤታችንን ዝክር አወጡ ። ዘሚካኤል ግን እስኪያርፍ ድረስ የወንዝ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር፥ በተንቀጠቀጠም ቁጥር ስሟን ይጠራ ነበር ።

ይህን የሰማችሁ፥ የፈራችሁም፥ መውጫ የጠፋባችሁም ሁላችሁን የድንግል ጸሎት ወደ ዳር ታድርሳችሁ፤ የዘራችሁትን ለማጨድ፥ ያጨዳችሁትንም ለመባረክ ልጇ ያብቃችሁ፥ ለዘላለሙ አሜን ።