እሾሁ የተቀነሰበት የስንቅነሽ ጃርት

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ተቀመጡና ስሙኝ። ላምም በረትም የለበትም። ያሉበት አንድ ስልክ፣ አንድ ጃርትና አንዲት የተናደደች ሴት ናቸው።

ሴትዮዋ ስንቅነሽ ትባላለች። ጉለሌ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር፣ ሃምሳ አራት ዓመት የሞላት፣ ምላሷ ከመቀሷ የማያንስ ሴት ናት። ስልኳ ላይ «ዱር» የሚባል የካርታ ጨዋታ አለ። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ካርታ አንድ አውሬ ነው፤ አንዱ ይነክሳል፣ አንዱ ይሰርቃል፣ አንዱ ይሸሻል። የስንቅነሽ ካርታ ጃርት ነው። አምስት እሾህ አለው፤ ጅብ ሲመጣበት አምስቱንም ይሰካበታል፣ ጅቡም ይወድቃል። በዚህ ጃርት መቶ ሰማንያ ሰባት ጊዜ በተከታታይ አሸንፋለች። ይህን ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ይህን ሳትነግር አትለካውም።

ታዲያ ሥራ ተደራርቦባት ሁለት ሳምንት ሳትጫወት ቆየችና አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኳን ብትከፍት ጨዋታው አፕዴት ይደረግ አለ። አደረገችው። ከጎረቤቷ ከጋሽ ደምሰው ጋር ገጠመች። የጋሽ ደምሰው ጅብ መጣ፤ ጃርቷን አወጣች፤ ጅቡ ጃርቷን ከነእሾሁ በላው። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ በላው። ስድስት ጊዜ አስበልታ ሲበቃት የለውጡን ዝርዝር ከፍታ አነበበች።

«ዝንጀሮ፦ ከአሁን በኋላ ሁለት ጊዜ ይሰርቃል። ጃርት፦ እሾሁ ከአምስት ወደ ሁለት ዝቅ ብሏል። ጅብ፦ ሲስቅ ተጋጣሚው አንድ ካርታ ይጥላል። አዲስ ነገር፦ ካርታ የምትለዋወጡበት ገበያ ተከፍቷል። መልካም ጨዋታ!»

«መልካም ጨዋታ?» ብላ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች። «እሾሄን ነቅለው ሲያበቁ መልካም ጨዋታ? ጭራሽ ይመርቁኛል!»

ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። የፈለገችው ሦስት እሾህ ነው። ቤት ስጡኝ አላለች፣ መሬት ስጡኝ አላለች፤ ሦስት እሾህ! ቅሬታ በስልክ መጻፍ ይቻላል ይላል ዝርዝሩ፤ ስንቅነሽ ግን የሰው ፊት ሳታይ የምትቆጣ ሴት አይደለችም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ በታክሲ ሳር ቤት ሄደች። ጨዋታውን የሚሠሩት ሰዎች እዚያ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው ያሉት።

አንደኛ ፎቅ ላይ ፕሮግራመሩን ናሆምን አገኘችው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ነቀለችለት።

«እሾሄን መልስ፤ ጃርቴ ጅቡን ይውጋ፤ እኔም ቤቴ ልግባ።»

«ማዘር፣ እኔ እኮ የተባልኩትን ነው የምጽፈው» አለ ናሆም። «ሚዛን ጠባቂዋ ካልፈረመች አንዲት እሾህ አልመልስም።»

«ማዘር አትበለኝ፤ አልወለድኩህም።»

ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። ጃርቱ ጅቡን አይወጋ፣ ፕሮግራመሩ እሾህ አይመልስ፣ ስንቅነሽም ቤቷ አትገባ።

ሚዛን ጠባቂዋ ረድኤት ትባላለች። አንዱ ካርታ ሌላውን እንዳይጨቁን መጠበቅ ነው ሥራዋ። ስንቅነሽን ስታይ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻት፤ ቢሮ ውስጥ ወንበር ሲሰጧችሁ እምቢታው እየመጣ መሆኑን እወቁ።

«ፈርሚ፤ ፕሮግራመሩ እሾህ ይመልስ፤ ጃርቴ ጅቡን ይውጋ፤ እኔም ቤቴ ልግባ» አለቻት ስንቅነሽ፣ ሳትቀመጥ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጃርት ከልክ በላይ እያሸነፈ ነው ተብዬ ነው የቀነስኩት። ቆጣሪው እንደገና ቆጥሮ ካላመጣልኝ አልፈርምም።»

«ከልክ በላይ? ልኩን ማን ለካው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልክ ስወስድ የኖርኩት እኔ እያለሁ!»

ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ሊፍቱ አይሠራም፤ መቼ ሊሠራ! ጃርቱ ጅቡን አይወጋ፣ ፕሮግራመሩ እሾህ አይመልስ፣ ሚዛን ጠባቂዋ አትፈርም፣ ስንቅነሽም ቤቷ አትገባ።

ቆጣሪው ይስሐቅ ነው። የትኛው ካርታ ስንት ጊዜ ወጣ፣ ስንት ጊዜ አሸነፈ እያለ ሲመዘግብ ይውላል።

«ቁጠር፤ ሚዛን ጠባቂዋ ትፈርም፤ ፕሮግራመሩ እሾህ ይመልስ፤ ጃርቴ ጅቡን ይውጋ፤ እኔም ቤቴ ልግባ።»

«እንዴት አድርጌ ልቁጠር?» አለ ይስሐቅ፣ እሱም ተናዶ። «ያ አዲሱ ገበያ መዝገቤን በጠበጠው እኮ! ሰው ካርታ በተለዋወጠ ቁጥር አንድ ጨዋታ ተጫወተ እያለ ይጽፍብኛል። የገበያው ሰው ገበያውን ለአንድ ሰዓት ካልዘጋልኝ አልቆጥርም።»

ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች፤ ጉልበቷን ይዛ፣ በየደረጃው አንድ አንድ እርግማን እየጣለች። ጃርቱ ጅቡን አይወጋ፣ ፕሮግራመሩ እሾህ አይመልስ፣ ሚዛን ጠባቂዋ አትፈርም፣ ቆጣሪው አይቆጥር፣ ስንቅነሽም ቤቷ አትገባ።

የገበያው ሰው ፉአድ ነው። አዲስ ሙሽራ ይመስል ፊቱ ያበራል፤ ገበያው የእሱ ሐሳብ ነዋ።

«ገበያውን ዝጋ፤ ቆጣሪው ይቁጠር፤ ሚዛን ጠባቂዋ ትፈርም፤ ፕሮግራመሩ እሾህ ይመልስ፤ ጃርቴ ጅቡን ይውጋ፤ እኔም ቤቴ ልግባ» አለችው።

«እንዴ፣ ማዘር! ዛሬ የከፈትኩትን ዛሬ ልዝጋ? ሞካሪዋ ስህተት አለበት ብላ በጽሑፍ ካልሰጠችኝ አልዘጋም።»

«ገበያ የት አውቀህ ነው ገበያ የምትከፍተው? መርካቶ ሄደህ አንድ ቀን ውለህ ታውቃለህ?» ብላ ጥላው ወጣች። መልሱን አልጠበቀችም።

ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣች። ጃርቱ ጅቡን አይወጋ፣ ፕሮግራመሩ እሾህ አይመልስ፣ ሚዛን ጠባቂዋ አትፈርም፣ ቆጣሪው አይቆጥር፣ የገበያው ሰው ገበያውን አይዘጋ፣ ስንቅነሽም ቤቷ አትገባ።

ሞካሪዋ ሰሚራ ጨዋታው ስህተት እንዳይኖርበት የምትፈትን ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ አሥራ አንድ ስልክ ደርድራ ተቀምጣለች።

«ጻፊ» አለች ስንቅነሽ፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። «የገበያው ሰው ገበያውን ይዝጋ፤ ቆጣሪው ይቁጠር፤ ሚዛን ጠባቂዋ ትፈርም፤ ፕሮግራመሩ እሾህ ይመልስ፤ ጃርቴ ጅቡን ይውጋ፤ እኔም ቤቴ ልግባ!»

«በዓይኔ ያላየሁትን አልጽፍም፣ እትዬ» አለች ሰሚራ። «ተጫዋች እዚህ ፊቴ ተቀምጦ ካላሳየኝ አልጽፍም። ሁሉም በቴሌግራም ይሰድበናል እንጂ አንድ ተጫዋች መጥቶ አሳይቶን አያውቅም።»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» ብላ ጮኸች ስንቅነሽ። ድምፅዋ አንደኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ ይላሉ። «አምስት ፎቅ በእግሬ የወጣሁት ሰው አይደለሁም? አንዱ ወደ አንዱ ሲገፋኝ፣ ያኛው ወደዚያኛው ሲገፋኝ፣ አንዳችሁ እንኳ ‹ተጫዋች ነዎት ወይ› ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም እኮ! ዞር በይ፤ ልቀመጥ።»

ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ አዲሱ ገበያ ገባች፤ አንድ ዝንጀሮ ሰጥታ አንድ ቀበሮ ወሰደች። ስልኩ ወዲያው «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አንድ ጨዋታ ተጫውተዋል» አላት። የምን ጨዋታ! ሰሚራ አየች፣ ደግማ አስደረገቻት፣ እንደገና አየች።

ያን ጊዜ ነገሩ ተፈታ። ሞካሪዋ ጻፈች፤ የገበያው ሰው እያጉረመረመ ገበያውን ዘጋ፤ ቆጣሪው ቆጠረ፤ ስንቅነሽም ደረጃውን እየወረደች ነጠላዋን አስተካከለች። አሁን ሚዛን ጠባቂዋ ልትፈርም፣ ፕሮግራመሩ እሾህ ሊመልስ፣ ጃርቱ ጅቡን ሊወጋ ነው ስትል ቆጣሪው ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«እትዬ ስንቅነሽ፣ ይግቡ እስቲ» አላት፤ ወንበርም ሰጣት።

«ደግሞ ምን መጣ?»

«የጃርትን ቁጥር አገኘሁት። አፕዴቱ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ወር ጃርት ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ነው የተጫወተው። መቶ ሰማንያ ሰባቱን አሸንፏል። ሁሉም የእርስዎ ነው።»

«አዎ፣ የእኔ ነው!» አለች፤ ቀና ብላ።

ይስሐቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግን ይዩት። ተጋጣሚዎችዎ ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የሰፈርዎ። ሁሉም ጨዋታው ገና ሲጀመር እጅ ሰጥተው ወጥተዋል። ደምሰው የሚባሉት ሰውዬ ጅብ እጃቸው ላይ እያለ ስድሳ አራት ጊዜ እጅ ሰጥተዋል። ቀኑም ከየካቲት ሦስት እስከ አሥራ አራት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የለም።»

ስንቅነሽ ቀኑን ለመለየት ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። የካቲት ሁለት ቀን ታላቅ እህቷን ቀብራለች። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ ጎረቤት ከአጠገቧ አልተለየም። በለቅሶ ቤት ካርታ መጫወት የቆየ ልማድ ነው፤ ሐዘንተኛው ለአንድ አፍታ እንኳ ልቡ ይረሳል ይባላል። የእሷ ጎረቤቶች ካርታውን በስልክ አደረጉት፤ እርስ በርሳቸውም በዓይን ተጠቃቅሰው ሁሉም አውቀው ተሸነፉላት። መዝገቡ ግን ይህን ከየት ያውቃል? መዝገቡ ያየው የማይቻል ጃርት ነው። እሾሁም የተቆረጠው በዚህ ነው።

«ለካ አዝነውልኝ ነው» አለች። ፊቷ ጋለ። «ቁጭ ብለው፣ ዓይኔን እያዩ፣ እንደ ሕፃን አታለሉኝ! እኔም ያንን ይዤ ለሰው ሁሉ አወራሁ!»

«እነዚህ ድሎች ከመዝገብ ከወጡ ጃርት ደካማ ካርታ ነው፤ አምስቱም እሾህ ይገባዋል» አለ ይስሐቅ ቀስ ብሎ። «ነገር ግን የተጫዋች ድል ያለ ፈቃዱ አይሰረዝም። ይሰረዝ ብለው ካልፈረሙልኝ ቁጥሩን ማስተካከል አልችልም።»

ይኸውላችሁ! ጃርቱ ጅቡን አይወጋ፣ ፕሮግራመሩ እሾህ አይመልስ፣ ሚዛን ጠባቂዋ አትፈርም፣ ቆጣሪው አያስተካክል፣ አሁን ደግሞ ስንቅነሽ ራሷ አትፈርም። የገበያው ሰውና ሞካሪዋ እንኳ የድርሻቸውን አድርገው እሷ ቀረች።

እንዴት ትፈርም? ከዚያ ፍራሽ ያነሣት እኮ ያ ማሸነፍ ነበር። እህቷ ከሄደች በኋላ እጇ የሚረባ ነገር መሥራት የሚችል መሆኑን ያወቀችው በዚያ ነው። መቶ ሰማንያ ሰባቱን ፍቀው ባዶ እጇን ሊያስቀሯት? ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። ደምሰው፣ ስድሳ አራት። ደምሰው፣ በዳማ ሲሸነፍ ዳማውን የሚገለብጥ ሰውዬ። ደምሰው፣ ለልጅ ልጁ እንኳ የማይሸነፍ። ያ ሰው ጅቡን እጁ ላይ ይዞ ስድሳ አራት ጊዜ ተሸነፍኩ ብሏል። ተናደደች፤ እንባዋም መጣ፤ የትኛው እንደሚቀድም ራሷም አላወቀች።

«ብዕር አምጣ» አለች።

ስንቅነሽ ፈረመች። ስትፈርም ቆጣሪው አስተካከለ፤ ቆጣሪው ሲያስተካክል ሚዛን ጠባቂዋ ፈረመች፤ ሚዛን ጠባቂዋ ስትፈርም ፕሮግራመሩ እሾህ መለሰ፤ ፕሮግራመሩ እሾህ ሲመልስ ጃርቱ አምስቱንም አቆመ። ስንቅነሽም ወደ ሰፈሯ ተመለሰች።

ቤቷ ግን አልገባችም። የጋሽ ደምሰውን የቆርቆሮ በር በጡጫ ደበደበችው።

«ጋሽ ደምሰው! ስልክዎን ይዘው ይውጡ!»

«ምን አጠፋሁ፣ ስንቄ?» አሉ ብቅ ብለው።

«ስድሳ አራት ጊዜ አጥፍተዋል! ይቀመጡ። ዛሬ እጅ ቢሰጡ አላህም እግዜርም አያስታርቁንም፤ ይጫወቱ!»

ጋሽ ደምሰው ነገሩ ገባቸው። አንገታቸውን ደፍተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ ስልካቸውንም ከፈቱ። እጅ አልሰጡም። ዝንጀሮ ላኩባት፤ ሁለት ጊዜ ሰረቃት። ጅቡን ላኩት፤ ሲስቅ አንድ ካርታ አስጣላት። ለአርባ ደቂቃ ተናነቁ፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየ። መጨረሻ ላይ ጅቡ ዘሎ ሲመጣ ጃርቷን አወጣች፤ አምስቱም እሾህ ገባ።

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ብለው ጋሽ ደምሰው ስልኩን መሬት ላይ ሊፈጠፍጡት ቃጡ። «ይሄ ካርታ በዝቷል! ቢሮአቸው ሄጄ ነው የምከሳቸው!» የምር ተናደው ነበር፤ የግንባራቸው ሥር ተገትሯል።

ስንቅነሽ ያን የተገተረ ሥር አይታ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ድሏ አንድ ሆነ። ማግስቱን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ ስትለካ የነገረችው ስለዚህች አንዲት ድል ነው።

ተረቱ ይኸው ነው። እኔ ከትከሻዬ አወረድኩት፤ እናንተ ተሸከሙት።