ማለዳ ውሃ ላይ የወረደ ታንኳ

ጣና ዳር ባሉ መንደሮች፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ሲያይ የሚውል ሰው ያዩ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ አንዲት አጭር ነገር ጣል አድርገው ያልፋሉ። የሰማው ሰው አንዳንዴ ይስቃል፤ አንዳንዴም ልብሱን አራግፎ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። አባባሏ ከየት እንደመጣች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የመጣችው ከአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአያ ቢያድግልኝ ታንኳ ላይ ነው።

አያ ቢያድግልኝ ባሕሩ መሬቱን ነክሶ ወደ ውስጥ በገባበት፣ ነፋስ ብዙም በማይደፍረው ወሽመጥ ዳር የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። ሙሉዓዳም የሚባል አንድ ልጅ አለው፤ ደብረ ማርቆስ ሱቅ ከፍቶ፣ አግብቶና ወልዶ ይኖራል። ሙሉዓዳም ክፉ ልጅ አይደለም። ይደውላል፤ ለበዓል ጋቢም ስኳርም ይልካል። ሲመጣ ግን ሁልጊዜ የሚያስቸኩለው ነገር አብሮት ይመጣል። ባለፈው ጊዜ አባትየው "ትንሽ ውሃ ላይ ወጣ እንበል" ብሎ ታንኳውን ሊያመጣ ሄደ። ተሸክሞ ሲመለስ ልጁን መኪና ውስጥ ገብቶ አገኘው። "አባዬ፣ መሸብን፤ ለሌላ ጊዜ ይሁን" አለው በመስኮቱ። አያ ቢያድግልኝ ታንኳውን ከትከሻው ሳያወርድ ሸኘው።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ሣር ነውና ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጅ ከባሕር በወጣ ቁጥር ታንኳውን ተሸክሞ አውጥቶ ዛፍ ያስደግፈዋል፤ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁለታል። የደረቀ ታንኳ ቤተሰብ ይሸከማል። የራሰ ታንኳ ራሱንም አይችል። ይህን በዚያ አገር የማያውቅ ሕፃን የለም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሙሉዓዳም ደወለ። እዚያው አቅራቢያ ካለች ከተማ ሰርግ ተጠርተዋል፤ እሑድ ጠዋት ሚስቱን እናኑንና ልጃቸውን ብርቄን ይዞ ብቅ ይላል። ብርቄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አያ ቢያድግልኝን አንድ ሐሳብ ያዘው። ልጅቱ ክረምቱን እሱ ዘንድ ብትከርምስ? መልሶ ደውሎ አልጠየቀም፤ እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ ጠይቆ በስልክ እንቢ መባል አልፈለገም። ውሃው ላይ ትውጣ፣ ዓሣ በእጇ ትያዝ፣ ያኔ ራሷ "ልቅር" ትላለች ብሎ አሰበ። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያስብ፣ ጎጆው ውስጥ ለልጅ የሚሆን ትንሽ መደብ በጭቃ ለሰነ።

እሑድ ገና ወፍ ሲንጫጫ ታንኳውን ከዛፉ ሥር አንሥቶ ውሃ ላይ አወረደው። መቀመጫ የሚሆን የደንገል እስር ደለደለበት፤ መንጠቆውንና ሲባጎውን አዘጋጀ፤ ትሉን በቅል ከተተ። ከዚያ ታንኳውን ከጉቶ አሥሮ መንገዱን ትይዩ ተቀመጠ።

ጥቂት ቆይቶ ጎረቤቱ አያ ደመላሽ መጣ። በመንደሩ ታንኳ በመሥራት የታወቀ ሰው ነው፤ ይህንንም ታንኳ ያሰረው እሱ ነበር።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልትሆን ነው በማለዳ?"

"ልጆቼ ይመጣሉ።"

"እሰይ፣ ይምጡ። ታንኳው ምን አጥፍቶ ነው ካሁኑ ውሃ የገባው?"

"ሲደርሱ ተዘጋጅቶ ያግኙት ብዬ ነው።"

"ሲደርሱ ታወርደዋለህ። አሁን አውጣው፤ እየጠጣ ነው።"

"ይጠጣ። አንተስ በሰንበት ትጠጣ የለ?"

"እኔ ጠጥቼ ሰው አላሳፍርም" አለ አያ ደመላሽ፤ ስቆም አልጨረሰው፣ የታንኳውን ጎን በጣቱ ተጫን አደረገና ሄደ።

ፀሐይዋ ወጣች፤ ከፍ አለች። አያ ቢያድግልኝ ታንኳውን ላውጣው ብሎ ተነሥቶ ነበር። ጉቶው ጋ ሲደርስ ከወዲያ የመኪና ድምፅ ሰማ። ገመዱን ትቶ ወደ መንገዱ አማተረ። ድንጋይ የጫነ ካሚዮን ነበር፤ አለፈ። ተመልሶ ተቀመጠ። አሁን ባወጣው አሁን ይደርሳሉ፤ እኔም እንደገና እንደ ባለፈው ታንኳ ተሸክሜ እቀራለሁ አለ በልቡ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አያ ደመላሽ ከቤቱ ቆሎ በእፍኝ ይዞለት መጣ፤ ታንኳውን አየ፣ እሱን አየ። ቆሎውን ሰጥቶት ራቅ ብሎ በራሱ ታንኳ ጥላ ሥር ጋደም አለ።

መኪናው የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ" አለ ሙሉዓዳም አባቱን ጉልበቱን እየሳመ። "የሙሽራዋ ወገኖች ሳትበሉ አትሄዱም ብለው ያዙን።"

"ደግ አደረጉ። ሰው ሲያከብር እንዲህ ነው።"

"ብዙ ግን አንቆይም። መኪናው የሰው ነው፤ ሳይመሽ ከተማ ማድረስ አለብኝ።"

"አውቃለሁ" አለ አያ ቢያድግልኝ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። "አንተን ማን ያጣሃል? ታንኳው ውሃ ላይ ነው፤ መሳፈር ብቻ ነው።"

ብርቄ ጫማዋን አውልቃ ከሁሉም ቀድማ ዘለለች። እናኑ ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለች፤ ከዚያ ሙሉዓዳም። አያ ቢያድግልኝ በመጨረሻ እግሩን ሲያሳርፍ፣ ታንኳው ከወትሮው ዝቅ ብሎ ተቀበለው። በቅሎው ማነከሱን ኮርቻ ላይ ሆኖ እንደሚያውቅ ሰው፣ በእግሩ መዳፍ ወዲያው አወቀው። ከወዲያ አያ ደመላሽ ቀና ብሎ ያየዋል። ውረዱ፣ ርሷል ማለት ይቻል ነበር። ግን ፀሐይዋ አዘንብላለች፤ ታንኳ እስኪደርቅ ማን ይቆያል? "ለሌላ ጊዜ ይሁን" የሚለውን ቃል ገና ሳይነገር ሰማው። ገመዱን ፈታ፣ የቀርከሃውን ዘንግ ይዞ ዳርቻውን ገፋ።

ወሽመጡ መስታወት መስሎ ነበር። ዳክዬዎች ከደንገሉ መሐል እየወጡ ይገባሉ። ውሃው ከሰው ቁመት በላይ ከሆነበት ሲደርስ ዘንጉን አጋድሞ፣ ለብርቄ ትል በመንጠቆ ላይ ሰካላት።

"አያቴ፣ ትሉን አያመውም?"

"ለዓሣው ንገሪው፤ እሱ ነው የሚበላው።"

"ይቺ ልጅ እቤት ለዶሮ እንኳ እህል በትና አታውቅም" አለች እናኑ፤ ሙሉዓዳምም ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ልጅ ሳለ እንዳደረገው ሲባጎውን በአውራ ጣቱ ላይ አሠረ። አባቱ ያንን አይቶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

የብርቄ ሲባጎ ተወጠረ። አያቷ እጁን በእጇ ላይ አድርጎ አብረው ሳቡት፤ መዳፍ የሚያህል ቆሮሶ ዓሣ እየተንፈራገጠ ወጣ። ልጅቱ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ልቡ ይመታል" አለች በሹክሹክታ። ቀጥላም፣ "እማዬ፣ እኔ እዚህ ብቀርስ?" አለች።

"አባትሽን ጠይቂ" አለች እናቷ እየሳቀች።

ሙሉዓዳም ልጁን አየ፤ አባቱን አየ። "ክረምቱን ማለት ነው?" አለ ቀስ ብሎ። "እንግዲህ ... አባዬ፣ አንተን ካልከበደህ ..."

"አያቴ" አለች ብርቄ፣ "እግሬ ራሰ።"

ውሃው በመቀመጫው ላይ ወጥቶ ነበር። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። ታንኳው አልተገለበጠም፣ አልተናወጠም፤ እንደደከመው በሬ ቀስ ብሎ እየተቀመጠ ነው። እናኑ ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈች፤ በመነሣቷ አንዱ ጎን ይበልጥ ዘቀጠ።

"አትንቀሳቀሱ" አለ አያ ቢያድግልኝ።

"ምንድን ነው ይሄ፣ አባባ? ልጄን ምን ላይ ነው ያስቀመጡብኝ?"

ከዳር አያ ደመላሽ ታንኳውን አውርዶ እየገፋ ይመጣ ነበር፤ ከተሳፈሩበት ሰዓት ጀምሮ ዓይኑን አልነቀለም። ደርሶ ጎን ለጎን አጠጋ። ብርቄን ተቀበለ፤ እናኑን ደገፈ፤ ሙሉዓዳም ግን አመነታ።

"አንተ ቅደም፣ አባዬ።"

"ሂድ ከልጅህ ጋር። አራታችሁን ነው የሚችለው። እኔ ለምጄዋለሁ።"

ሄዱ። አያ ቢያድግልኝ ዘንጉን ከግርጌ ተክሎ፣ በሰጠመው ታንኳው ላይ ቆሞ ቀረ። ውሃው እስከ ጉልበቱ፣ ቀጥሎም እስከ ወገቡ መጣ። ልጅቱ ጥላው የሄደችው ቆሮሶ ውሃው ሲሸፍነው ነፍስ ዘራ፤ ጅራቱን አንዴ አወዛወዘና እሱም ሄደ። ከሩቅ እናኑ ልጇን በነጠላዋ ስትጠቀልል አየ። ሙሉዓዳም ወደ ባሕሩ ዞሮ እጁን አፉ ላይ አድርጎ አንድ ነገር ተጣራ፤ ቃሉ ግን አልደረሰም። ትንሽ ቆሞ ተመለከተ። ከዚያ የመኪናው በር ተዘጋ፤ በመንገዱ ላይ አቧራ ተነሣ፤ አቧራውም ቀስ ብሎ ተኛ። ወሽመጡ እንደገና ዝም አለ። በመሐሉ፣ ውሃ ላይ የተተከለ ጉቶ መስሎ፣ አያ ቢያድግልኝ ብቻውን ነበር።

አያ ደመላሽ ተመልሶ መጣ፤ እጁን ይዞ ወደ ራሱ ታንኳ ሳበው።

"ሄዱ?"

"ሄዱ። ልጅህ ልቆይ ብሎ ነበር። ልጅቱ ተንቀጠቀጠች፣ እናትየው ደነገጠች። እደውልለታለሁ በለው ብሎሃል።"

"ስለ ክረምቱ አላነሣም?"

"ስለ ምን ክረምት?"

አያ ቢያድግልኝ ልብሱ እየተንጠባጠበ፣ የደረቀውን ደንገል በእጁ ዳሰሰ።

"ቢያድግልኝ" አለ አያ ደመላሽ፣ "እኔን የሚገርመኝ፣ ዕድሜህን ሙሉ በታንኳ ኖረህ ይህ ጠፍቶህ ነው?"

"አልጠፋኝም። ሄጄ እስካመጣው ይሄዱብኛል ብዬ ነው።"

አያ ደመላሽ ዘንጉን እየተከለ፣ እየነቀለ ወደ ዳር ገፋ። ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ፣ በገዛ እጁ ካሰረው ታንኳ ከውሃው በላይ የቀረው የአፍንጫው ጫፍ ብቻ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ ወዳጁ አንገቱን አቀርቅሮ፣ አሁንም በዓይኑ ባዶውን መንገድ ይከተላል። ያን ጊዜ ነው፣ ሊወቅሰውም ሊያጽናናውም ሳይሆን፣ ያየውን እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ፣ "ታንኳ ቆሞ፣ ሰው ጠብቆ ይሰጥማል" ያለው።