ማንቆርቆሪያውና በርሜሉ

አንድ የቦኖ ውሃ ጠባቂ ነበረ። ትዝ ያለኝ፣ ቃለአብ፣ «እትዬ የሺመቤት፣ የግቢውን ዋይፋይ ሁላችንም እኩል ነው የምንጠቀመው፤ የጎረቤታችንን የውቢትን ስልክ አስቀድሜ የኔን ፊልም ባዘገይ ፍትሕ ነው ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ነው።

ያኔ አሁን ፋርማሲው ያለበት ቦታ ላይ አንድ ቧንቧ ነበር፤ ለሰፈሩ ሁሉ አንድ። ዛሬ ሁሉም የራሱን ቧንቧ ከፍቶ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ያኔ ማን እንዳረገዘች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ባል አምሽቶ እንደገባ የምንሰማው እዚያ ወረፋ ላይ ነበር። አሁንም በዚያ ሳልፍ የባዶ ጀሪካን ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ጠባቂው በወረፋ ቀልድ አያውቅም። ሥራ ያለበት ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ድንጋዩ እንደ ባለቤቱ ይከበራል። «የሀብታም ድንጋይም የድሃ ድንጋይም እኔ ዘንድ አንድ ነው» ይል ነበር ደረቱን ነፍቶ። እኛም እናከብረው ነበር።

አንድ ሰሞን ውሃ ጠፍቶ ሰነበተ፤ የሁሉም ቤት እንስራ ደረቀ። የመጣ ዕለት አንድ ጠላ ሻጭ በርሜሉን ከቧንቧው ሥር ደቀነና ካርታ ሊጫወት ሄደ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ አሁን የተከበሩ ሰዎች ናቸው። በርሜሉ ገና ሳይጋመስ አንዲት ሴት ማንቆርቆሪያ ይዛ እየሮጠች መጣች። ልጇን ከማለዳ ጀምሮ እያስመለሰውና እያስቀመጠው ዓይኑ ጎድጉዷል። ጤና ጣቢያ በውሃ በጥብጠሽ አጠጪው ብለው ዱቄት ሰጥተዋታል፤ የምትበጠብጥበት ውሃ ግን የላትም።

«ወንድሜ፣ ይቺን ብቻ» አለችው።

«ወረፋ ያዢ፣ እህቴ። ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ።»

«ልጄ እኮ ነው!»

«ሁሉም ልጅ አለው።»

ሴትየዋ ሄዳ ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ ቆመች። ጠባቂው ዞሮ ወረፋውን ሲያይ ከሰው ይልቅ ድንጋዩ ይበዛል። በርሜሉ ጋ ማንም የለም። እሷ ግን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማለች። ያን ጊዜ ብድግ አለና በርሜሉን በእግሩ ገፋው፤ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀብሎ ከቧንቧው ሥር ያዘ።

ጠላ ሻጩ ካርታውን በትኖ መጣ። «አንተ የማን ልጅ ነህና ነው የኔን በርሜል...» ብሎ ጀመረ። የሱ ስድብ ረጅም ነው፣ እስከ አያት ቅድመ አያት ይወጣል። አያትዬው ጋ ሳይደርስ ማንቆርቆሪያው ሞላ፣ በርሜሉም ቦታው ተመለሰ። ሰውየውም የበተነውን ካርታ ሊለቅም ተመለሰ። ጠላውም በቀኑ ደረሰ፤ ጠጥተነዋል። ቀጭን ነበር፤ ያ ግን በርሜሉ ስለተገፋ አይደለም፣ ሚስቱ ጌሾ ትሰስት ነበር።

ልጁም ተረፈ። ሰርጉ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የጨፈረው ጠላ ሻጩ ነው።

በማግስቱ ምን ሆነ መሰለህ? ግማሹ ሰፈር ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ! የጠላ ሻጩ ሚስትማ በማንቆርቆሪያ እየተመላለሰች በርሜል ልትሞላ። ጠባቂው ሳቀና «ደግሞ አንቺ የታመመብሽ ማነው?» ብሎ ወደ ኋላ መለሳት። ከዚያ ወዲያ ዕቃውን ትቶ የሚጠብቀውን ሰው ማየት ጀመረ። በርሜሉንም አልረሳም፤ የቸኮለው ካለፈ በኋላ ይቀጥላል፣ ሳይሞላ ያደረ በርሜል አላየሁም።

እንግዲህ ቃለአብ፣ ያቺ ቤትህ መብራቷ ብልጭ ብልጭ የምትለው ሣጥን ቦኖዋ ናት። ጠባቂው አንተ ነህ። ፊልምህ በርሜሉ ነው፤ እንዲወርድ ከፍተኸው ሱቅ ስትሄድ በመስኮቴ አይሃለሁ። ቢዘገይ ማታ ታየዋለህ፣ ምንም አይጎድልበትም። የውቢት ስልክ ግን ማንቆርቆሪያ ነው። ባሏ ከዚያ ከሩቁ የግድብ ሥራ ለምሳ ሲወጣ ይደውላል፤ ሕፃኗ «አባ» ስትል ድምፁ ይቆራረጣል፤ መልሶ ሲመጣ እሱ ወደ ሥራው ተጠርቷል። ያቺ የተቆረጠች ቃል ማታ ብትደርስ ለማን ትሆናለች?

እኩል ማድረግህ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ግን በርሜሉ አጠገብ ሰው መኖሩን ቀና ብለህ እይ። በል ተነሥ፣ ትንሽ ገፋ አድርገው፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል።