አለክልኮ የማያውቅ ሙክት

«ተረት ተረት» ብለው፣ «የላም በረት» አሰኝተው ይህን በመጀመሪያ የነገሩኝ ጎረቤታችን ሸማኔው አቶ ደምረው ናቸው።

በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንድ በግ ነበረ፤ ላርመው፣ በጥላ ሥር ተኝቶ የሰባ ሙክት ነበረ። ጎረቤቱ ፍየል በየቀኑ እያለከለከች ቋጥኙን ትወጣለች፤ እሱ ግን ከተወለደ ጀምሮ አንድም ቀን አለክልኮ አያውቅምና ከልቡ ያዝንላት ነበር።

«እመት ፍየሊት፣ ምነው ጤናሽን ብትጠብቂ? እስቲ እኔን እዪ! ትንፋሼ አንድ ቀን እንኳ ቁርጥ ቁርጥ ብሎብኝ አያውቅም» ይላታል።

«ምን ጤና አለኝ ብለህ ነው፣ አያ ሙክት! ያልታደልሁ ነኝ» ብላ እያለከለከች ትወጣለች።

አንድ ቀን ረኃብ የጸናበት ጅብ ከሸለቆው ገባ። ፍየሏ ወደ ቋጥኙ ፈተለከች፤ ሙክቱም «እሷ በዚያ ጤናዋ ከወጣች እኔማ እበራለሁ!» ብሎ ተከተላት። ገና አጋማሹ ላይ ሳለ ግን ደረቱ ይደልቅ፣ ጉልበቱ ይብረከረክ ጀመር፤ ምላሱም ተጎልጉሎ ወጣ። ጅቡም ከሥሩ ደረሰ።

«እመት ፍየሊት፣ ድረሽልኝ! በሽታ ያዘኝ፤ መሞቴ ነው!»

ፍየሏ ወርዳ ከኋላው በቀንዷ እየገፋች፣ «ይኸማ እኔን በየቀኑ የሚይዘኝ ነው፤ አይገድልም። የሚገድለው ከታች ያለው ነውና ውጣ!» አለችው።

ወጣ። ጅቡም ቋጥኙን ሽቅብ ተመልክቶ ምራቁን ዋጠና ተመለሰ። በማግስቱ ጧት፣ ጅብ ሳይኖር፣ ሣሩም ከታች ሞልቶ ሳለ፣ ቋጥኙ ላይ የሁለት እንስሳ ማለክለክ ተሰማ።

ይህን የጻፍሁት ከቤቴ በላይ ያለውን ዳገት አንድ ጊዜ፣ ይቅርታ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ አርፌ በወጣሁበት ቅዳሜ ነው።